መብራት ሲሄድ ዘጭ የማይል ክንድ፦ የስቴፐር ሮቦት ክንድ ኪት ለባሕር ዳር ሞካሪዎች

የሮቦት ክንድ ኪት በሚሸጡ ገጾች ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ስድስት መገጣጠሚያ አለው፣ ሚሊ ሜትር አይስትም፣ በስልክ ይታዘዛል። ፎቶው ላይ ክንዱ ሁልጊዜ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ነው። መብራትም ሄዶበት አያውቅም።

እዚህ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ክንዱ የት እንዳለ ያውቃል? አንድ ማርሽ ቢሰበር ተለዋጩን ከየት አመጣለሁ? እኔ እነዚህን ሁለቱን ከመገጣጠሚያ ብዛት አስቀድማለሁ። ከታች ያለው ንጽጽርም በዚሁ ሚዛን የተሠራ ነው። የታሰበውም በትርፍ ሰዓቱ ለሚሞክር፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚሯሯጥ የፖሊ ተማሪና ትንሽ ወርክሾፕ ላለው ሰው ነው።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፉት ዋጋ ነገ አይሠራም። ስለዚህ አንዱን ከሌላው እያነጻጸርኩ ብቻ አስቀምጫለሁ።

ለምን ስቴፐር?

በርካሽ ኪቶች ላይ የምታዩት ትንሹ ሰርቮ ሞተር ያለበትን ቦታ ያውቃል፤ ውስጡ የአቅጣጫ መለኪያ አለው። ነገር ግን ይንቀጠቀጣል፣ ብዙውን ጊዜም ከ180 ዲግሪ በላይ አይዞርም። ስቴፐር ደግሞ በደረጃ ይዞራል። የተለመደው ሞተር አንድ ዙር ለመጨረስ 200 ደረጃ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ደረጃ 1.8 ዲግሪ ነው። ሞተሩን የሚነዳው ትንሽ ሰሌዳ፣ ድራይቨሩ፣ ደረጃውን በ16 ከከፈለው 3,200 ይሆናል። እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው፣ ሲቆምም ጭጭ ብሎ ይቆማል። አንድ ሥራ መቶ ጊዜ ደጋግሞ እንዲሠራላችሁ ከፈለጋችሁ ስቴፐር ይሻላል። እንዲሁ እጁን አውለብልቦ እንዲያስደስታችሁ ብቻ ከሆነ ግን የሰርቮ ኪት ገዝታችሁ ገንዘባችሁን ቆጥቡ።

በምን እንመዝን?

*ጉልበት በርቀት።* ሻጮች «500 ግራም ይሸከማል» ይላሉ። በምን ርቀት? ዋናው ነገር እሱ ነው። ግማሽ ኪሎ ዕቃ ከትከሻው መገጣጠሚያ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲያዝ ትከሻው ላይ የሚያርፈው 15 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር ነው (ክብደቱ በርቀቱ ተባዝቶ)። ክንዱ ራሱ 300 ግራም ቢመዝንና የክብደቱ መሐል 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን 4.5 ይጨመራል። ድምሩ 19.5።

ቁመቱ 40 ሚሊ የሆነው የተለመደ ኔማ 17 ሞተር ቆሞ የሚይዘው 40 ኒውተን-ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ እኛ ስሌት ሲመጣ 4 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ በቀጥታ ከተገጠመ ዕቃ ማንሳቱ ቀርቶ የራሱን ክንድ እንኳ አይችልም። 5 ለ 1 ማርሽ (ሞተሩ አምስቴ ሲዞር መገጣጠሚያው አንዴ የሚዞርበት) ሲገባበት 20 ይደርሳል፤ ወረቀት ላይ በቃ። ሲሠራ ግን አይበቃም። ስቴፐር ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳልና። ስለዚህ እጥፍ ትርፍ ያዙ። ወይ 10 ለ 1 ማርሽ ይሁን፣ ወይ የሚነሳው ዕቃ ይቅለል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኔማ 17 የሚለው ስም የሚናገረው የሞተሩን ፊት ስፋት ብቻ ነው፤ 42 ሚሊ ገደማ። 23 ሚሊ የምትሆነው ቀጭን ሞተርም፣ 48 ሚሊ የሆነው ወፍራሙም ሁለቱም ኔማ 17 ናቸው። ጉልበታቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ሻጩ የሞተሩን ቁመት ካልነገራችሁ ምንም አልነገራችሁም።

*መብራት ሲሄድ።* ስቴፐር የሚያውቀው መቁጠር ብቻ ነው። የታዘዘውን ደረጃ ይሄዳል፤ መድረሱን ግን አያይም። መብራት ሲሄድ ቆጠራው ይጠፋል፣ ሞተሩም ይላላል። ቀጥ ብሎ የቆመው ክንድ ዘጭ ይላል፤ የያዘው ብርጭቆ ከሆነ አብሮ ሄደ ማለት ነው። መብራቱ ሲመለስ ክንዱን የሚያዘው ትንሽ ሰሌዳ፣ አርዱዊኖው፣ «ዜሮ ላይ ነኝ» ብሎ ይነሳል። ክንዱ ግን ጠረጴዛው ላይ ተዘርሯል። ፕሮግራሙ ከዚያ ከቀጠለ ክንዱ ራሱን ከጠረጴዛው ጋር ያላትማል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በየመገጣጠሚያው ሊሚት ስዊች መኖር አለበት። ክንዱ በተነሳ ቁጥር እያንዳንዷን ስዊች እየነካ መነሻውን ያገኛል። የሞተሩን መጨናነቅ አይቶ ያለ ስዊች መነሻ የሚያገኘው ቲኤምሲ2209 ድራይቨር አለ፤ ቀላል ጭነት ባለው ቀበቶ ላይ ይሠራል፣ ክብደት ቁልቁል በሚጎትተው ክንድ ላይ ግን አላምነውም። ሁለተኛ፣ አሠራሩ ራሱ እንዳይወድቅ የሚያደርግ ይሁን። የፋብሪካ ሮቦቶች ለዚህ ፍሬን አላቸው፤ በእኛ በጀት የሚገዛ ኪት ላይ ግን ፍሬን አትጠብቁ።

የኮምፒውተር ዩፒኤስ ካላችሁ ጥሩ ነው። የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ክንዱን ወደ ማረፊያው ለመመለስ ይበቃል። በ12 ቮልት የሚሠራ ኪት ሌላም ጥቅም አለው፦ ከሶላር ባትሪ በቀጥታ ይነሳል። 24 ቮልት ለፍጥነት ይሻላል፤ ቤታችሁ 12 ቮልት ባትሪ ካለ ግን እኔ 12ቱን እመርጣለሁ።

*መለዋወጫ።* ኩሽኔታ በቁጥር ነው የሚገዛው። 608 ብላችሁ ብትጠይቁ 8 በ22 በ7 ሚሊ የሆነውን ይሰጧችኋል፤ ማን እንደሠራው ለውጥ የለውም። ኔማ 17 ሞተር፣ ጂቲ2 ቀበቶ፣ ኤ4988 ድራይቨር፣ ኤም3 ቡሎንም እንደዚያው ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ከማንኛውም የ3ዲ ፕሪንተር መለዋወጫ ጋር አንድ ስለሆኑ ባሕር ዳር ቢጠፉ አዲስ አበባ ይገኛሉ። ማርሹን ለራሱ ብቻ ያሠራ ኪት ግን ማርሹ ያለቀ ቀን ጌጥ ይሆናል። የአሉሚኒየም ሳህን ለሆነ ነገር ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስቆረጥ ይቻላል፤ በፕላስቲክ ለታተመው ደግሞ ፋይሉ በነፃ የሚገኝ መሆኑን አረጋግጡ።

*ሙቀት።* ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ስቴፐር ቆሞም ኤሌክትሪክ ይበላል፤ እንደ ሰርቮ አያርፍም። ሙሉ አምፒር ከተሰጠው እስከ 80 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ እሱ ራሱ ምንም አይሆንም። የሚታሰርበት ፒኤልኤ ፕላስቲክ ግን 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። በግንቦት ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ የማይደርስበት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ አስቡት። ቡሎኖቹ ቀስ እያሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ቀበቶው ይላላል፣ ክንዱም ቦታውን መሳት ይጀምራል። ችግሩን ፕሮግራም ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። የሞተሩ ማሰሪያ ፔት-ጂ (ሙቀት የተሻለ የሚችል ፕላስቲክ) ወይም አሉሚኒየም የሆነ ኪት ምረጡ። ካልሆነም አምፒሩን ሞተሩ ላይ ከተጻፈው ወደ 60–70 በመቶ አውርዱት።

*ክብደት።* አንድ 40 ሚሊ ኔማ 17 ወደ 280 ግራም ይመዝናል። ስድስት ሞተር፣ ፓወር ሰፕላይና የአሉሚኒየም ክንድ ሲደመር ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የሚሰጥ «ትንሽ ዕቃ» አይደለም። የታተመውን ክፍል እዚሁ አሳትሞ ሞተርና ኤሌክትሮኒክሱን ብቻ ማስመጣት ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ኮንትሮለሩን በተመለከተ ብዙ አላወራም። አርዱዊኖ ኡኖ ከሲኤንሲ ሺልድ (ድራይቨሮቹ ከሚሰኩበት ሰሌዳ) ጋር አራት ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ አርዱዊኖ ሜጋ ከራምፕስ 1.4 (ተመሳሳይ ሰሌዳ) ጋር አምስት። ዋናው ነገር ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ አብሮ የሚቆም፣ አካውንት ከፍታችሁ ካልገባችሁ የማይንቀሳቀስ ኪት አትግዙ። ቻይና ሠራሹ አርዱዊኖ ኮምፒውተሩ ላይ ሲኤች340 የተባለ ድራይቨር ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ ኔትወርክ እያለ አውርዱት።

አማራጮቹ

ትንሿ የጠረጴዛ ኪት። በ28ቢዋይጄ-48 ሞተር የምትሠራው ናት። ሞተሯ 5 ቮልት ነው፣ ውስጧ 64 ለ 1 ገደማ ማርሽ አለ፣ ዩኤልኤን2003 ከተባለ ርካሽ ድራይቨር ጋር ትመጣለች። ጉልበቷ ወደ 0.35 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ 35 ግራም፣ እሱም የክንዱን ክብደት ጨምሮ። በዚያ ላይ ቀርፋፋ ናት፣ ማርሿም ውስጥ ልልነት ስላለ ጫፏ ይወዛወዛል። ጥሩ ጎኗ መብራት ሲሄድ አትወድቅም፤ ማርሿ ይይዛታል። ከስልክ ቻርጀር ወይም ከፓወር ባንክም ትነሳለች። ለልጆች ክለብና ፕሮግራም ለመልመድ ጎመን በጤና ናት። ሥራ ግን አትጠብቁባት።

ባለ ሦስት ሞተር አግዳሚ ክንድ። ሁሉም ሞተሮች ታች መሠረቱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ክንዱ በትይዩ ዘንጎች ይታዘዛል። ግሪፐሩ (ዕቃ የሚይዘው ጫፍ) ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ እንደሆነ ይቆያል። ሞተሮቹ ክንዱ ላይ ስለማይጫኑ ክንዱ ቀላል ነው፤ ያን የጉልበት ስሌት የሚያሸንፈውም በዚህ ነው። በኔማ 17 ተሠርቶ ጥሩ ማርሽ ካለው ከ100 እስከ 300 ግራም ያነሳል። የታተሙት ክፍሎች ፋይላቸው በነፃ የሚገኝ ብዙ ዲዛይኖች አሉ።

ድክመቱ መብራት ነው። ማርሹ 5 ለ 1 አካባቢ ከሆነ ክንዱ ይወርዳል። አንዳንዶቹ የሚወጠር ስፕሪንግ ወይም ከኋላ ሚዛን ያስገባሉ፤ ያ ካለ ተገላገላችሁ። ከሌለ ከትከሻው መገጣጠሚያ ኋላ ባለው የክንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ትልልቅ ዳዶዎች ማሰር ራሱ ልዩነት ያመጣል።

ስካራ። ይህ የኔ ምርጫ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ስካራ የተሠራው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጃፓን ያማናሺ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሂሮሺ ማኪኖ ነው፤ ዓላማውም ዕቃ መገጣጠም ነበር። ትከሻውና ክርኑ እንደ በር ወደ ጎን ብቻ ይዞራሉ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው በአንድ ጠመዝማዛ ዘንግ ነው። የክብደቱን ጫና ኩሽኔታዎቹ ይሸከማሉ፣ ሞተሮቹ ግን ወደ ጎን መግፋት ብቻ ነው ሥራቸው። ስለዚህ ያንኑ ኔማ 17 ይዞ ሌሎቹ ከሚችሉት በላይ ይሠራል። መብራት ሲሄድም ትከሻውና ክርኑ ባሉበት ይቆማሉ፤ የሚወድቁበት አቅጣጫ የላቸውም።

አንድ ወጥመድ አለ። ከፍታውን የሚይዘው ጠመዝማዛ ዘንግ ቲ8 ይባላል፣ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንዱ በአንድ ዙር 8 ሚሊ ይወጣል፣ ሌላው 2 ሚሊ። ባለ 8 ሚሊው ፈጣን ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ክንዱን ይዞ እየተሽከረከረ ሊወርድ ይችላል። ባለ 2 ሚሊው ራሱን ቆልፎ ይቀራል። ኪቱ ከ8 ሚሊው ጋር ከመጣ ዘንጉንና ዳዶውን ብቻ መቀየር ነው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የደረጃ ቁጥርም በአራት ማባዛት።

ከኡኖና ከሲኤንሲ ሺልድ ጋር አራት ሞተር ይበቃዋል። የታወቀው ግርብል ሶፍትዌር ኡኖ ላይ ሦስት አክሲስ (የእንቅስቃሴ አቅጣጫ) ብቻ ስለሚያውቅ በእሱ ፈንታ አራቱንም ሞተሮች በአክሰልስቴፐር ላይብረሪ ማንቀሳቀስ ይኖርባችኋል፤ ለአንድ ተማሪ ከባድ አይደለም። ድክመቱ ምንድን ነው? ዕቃን አዘንብሎ መያዝ አይችልም፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሠራው። ቦታም ይይዛል። ለችግኝ ትሪ ዘር መጣል፣ ጠርሙስ ከዚህ አንስቶ እዚያ ማስቀመጥ፣ በብዕር መሣል፣ ክፍት ሰሌዳ ላይ ሙጫ መጣል ለመሳሰለው ግን የተፈጠረ ነው።

ባለ አምስትና ባለ ስድስት መገጣጠሚያ። ሁሉም ሰው የሚመኘው ይሄ ነው። እንደ ሰው ክንድ ይታጠፋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተለቀቀው የስፔኑ ሞቬዮ ባለ አምስት መገጣጠሚያ ነው፤ በሜጋና በራምፕስ ይሠራል። ኤአር4 ደግሞ ባለ ስድስት ሆኖ ቲንሲ 4.1 ኮንትሮለር ይጠቀማል፤ ሞተሮቹ ኢንኮደር (የዞሩትን የሚለካ መሣሪያ) ስላላቸው ደረጃ ሲዘለል ያውቃሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጣጣው ግን ብዙ ነው። ትከሻው ላይ ትልቅ ሞተር ወይም ከባድ ማርሽ ይፈልጋል። ኔማ 23 ከገባ ኤ4988 አይበቃውም፤ ለብቻው የሚቆም ትልቅ ድራይቨር ይገዛል። የታተመው ክፍል ብዙ ነው፣ ማተሙ ቀናት ይፈጃል፤ በመሐል መብራት ከሄደ ደግሞ የሚበላሸው ሕትመት አለ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ካልሆነ አትጀምሩት። ለመመረቂያ ቡድን ግን አሪፍ ነው፤ አንዱ ሜካኒካሉን፣ አንዱ ኤሌክትሪካሉን፣ አንዱ ኪነማቲክሱን (የእንቅስቃሴውን ስሌት) ይይዛል።

ተገጣጥሞ የሚመጣ። ለምሳሌ ዶቦት ማጂሺያን፦ አራት አክሲስ፣ 500 ግራም፣ 320 ሚሊ ርዝመት፣ ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲመለስ የሚስተው 0.2 ሚሊ። ከካርቶኑ አውጥታችሁ በዚያው ቀን ትሠሩበታላችሁ። ብዙ ተማሪ ለሚያስተናግድ ላብራቶሪ ይገባዋል። ለግለሰብ ግን ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ይርቃል። ከተበላሸም ውስጡ የራሱ ሰሌዳ ስለሆነ ገበያ ወጥታችሁ የምትገዙት ነገር የለም። ምን እንደሚሠራ ታያላችሁ፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን አያስተምራችሁም።

| አማራጭ | የሚያነሳው | መብራት ሲሄድ | መለዋወጫ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ትንሿ የጠረጴዛ ኪት | ጥቂት ግራም | ትቆማለች፣ መነሻዋን ግን ትረሳለች | ርካሽ፣ ሞተሩ ተቀይሮ ይጣላል | በጣም ዝቅተኛ |
| አግዳሚ ክንድ | 100–300 ግራም | ሚዛን ከሌለው ይወርዳል | የተለመደ ዕቃ፣ የታተመ ክፍል | መካከለኛ |
| ስካራ | እንደ ርዝመቱ፣ ጥቂት መቶ ግራም | በባለ 2 ሚሊ ዘንግ ባለበት ይቆያል | የተለመደ ዕቃ፣ የታተመ ክፍል | መካከለኛ |
| ባለ 5 እና 6 መገጣጠሚያ | እንደ ሞዴሉ | ይወድቃል፣ ማረፊያ ይፈልጋል | ከፊሉ የተለመደ፣ ማርሾቹ ከባድ | ከፍተኛ |
| ተገጣጥሞ የሚመጣ | 500 ግራም አካባቢ | ሲነሳ መነሻውን እንደገና መፈለግ አለበት | ከአምራቹ ብቻ | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

እጅ ላጠረው ተማሪ፦ ትንሿን ኪት ገዝቶ ፕሮግራሙን መልመድ፣ ከዚያ ኔማ 17 ሞተሮችን አንድ በአንድ መሰብሰብ። ኔማ 17 በቀላሉ አይበላሽም፤ ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ይሄዳል።

ፕሪንተር ያለው ጓደኛ ወይም ዲፓርትመንት ላለው፦ ስካራ። ክፍሉን በፔት-ጂ አሳትሞ፣ ሞተር፣ ቀበቶና ኩሽኔታ ብቻ መግዛት።

ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ቡድን፣ ጊዜም ያለው፦ ባለ አምስት መገጣጠሚያ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማረፊያ ሥሩለት፤ ሥራ ሲያልቅ ክንዱ ተጋድሞ የሚተኛበት የእንጨት ድጋፍ ይበቃል።

ለማስተማሪያ ላብራቶሪ በጀት የያዘ፦ አንድ ተገጣጥሞ የሚመጣ ለማሳያ፣ የቀረው ገንዘብ ሁለት ሦስት ስካራ ለመፍታትና ለመገጣጠም።

የዘጌን ቡና ፍሬ በፍሬ የሚለይ ክንድ ልሥራ የሚል ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ ያስላ። አንድ ጥሬ ፍሬ 0.15 ግራም ቢመዝን ኪሎው ከ6,500 በላይ ፍሬ ነው። በ3 ሰከንድ አንድ ፍሬ የሚያነሳ ክንድ አንድ ኪሎ ለመጨረስ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ሰፌድ ይዘው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ይቀድሙታል። ለዚህ የሚሆነው በቀበቶ ላይ የሚፈስ ቡና፣ ካሜራና አየር የሚነፋ ቧንቧ ነው፤ ክንድ አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሻጩን እነዚህን ጠይቁ። የሞተሩ ቁመት ስንት ሚሊ ነው? ሊሚት ስዊች አብሮ አለ? ስንት? የታተሙት ክፍሎች ፋይል ይሰጠኛል? ማሰሪያው ፒኤልኤ ነው ወይስ ፔት-ጂ? ጠመዝማዛ ዘንጉ ባለ 2 ነው ባለ 8 ሚሊ? ሦስቱን እንኳ መመለስ ካቃተው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ሞተር ከማገናኘታችሁ በፊት የድራይቨሩን አምፒር አስተካክሉ። ኤ4988 ላይ ያለችውን ትንሽ ቪቴ በካቻቢቴ እያዞራችሁ በቴስተር ትለካላችሁ። ሰሌዳዋ ላይ ያሉት ጥቃቅን ሬዚስተሮች አር100 ከተጻፈባቸው 0.8 ቮልት 1 አምፒር ነው። ኤሌክትሪክ እያለ የሞተሩን ሽቦ መንቀል ድራይቨሩን ያቃጥላል፤ ሁለት ትርፍ ድራይቨር አብራችሁ እዘዙ። የግሪፐሩን ሰርቮ ከአርዱዊኖው 5 ቮልት አትቀጥሉት፤ የራሱ የቮልት መቀነሻ ይኑረው።

ፓወር ሰፕላዩን ዲቫይደር ላይ ከመሰካታችሁ በፊትም ጎኑን እዩ። ከብረት ቀዳዳዎቹ ኋላ ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለች። 110 ላይ ሆና ልትመጣ ትችላለች። በካቻቢቴ ጫፍ ገፍታችሁ 220 የሚለው እስኪታይ መልሷት፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ድምፅ የሞተር ሳይሆን የፍንዳታ ነው።